ችኩሉና አዝጋሚው ባንድ ሐዲድ

ወንድሜ ዓይኑ ሳይጠፋ ማየት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት ባቡሮች ባንድ ሐዲድ ላይ ሳይጋጩ ሲሄዱ። እውነተኛ ባቡር አይደለም የምለው። ከመዳፍ ትንሽ የሚረዝም፣ ከኋላው ሦስት ፉርጎ የሚጎትት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚዞር ትንሽዬ ባቡር ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም ድሮ ስቄበታለሁ። «ሽበት አውጥተህ አሻንጉሊት?» ብዬዋለሁ። አሁን ያንን ቃል መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በሰባት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ ሳያገባ ቀረ፣ እኔ ባሌን ቀበርኩ፤ ስለዚህ ሲታመም ወደ እኔ መጣ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ አለ አለን። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ከዳችው። ቀጥሎ እይታው ከዳር ከዳር እየጠበበ መጣ፤ «በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው» ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ዓይኑ ሁለት ሳምንት ቢቆይለት ነው። ሐሳቡም ሊዛባ ይችላል፣ ተዘጋጂ» አለኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ኖሯል። ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ ጆሮው ሌላ ነው፤ ሁሉንም ሰምቶታል።

ታክሲው ውስጥ ገባን። ከዚያ «ሁለት ሳምንት ይበቃል» አለ።

«ለምኑ?»

«ለሁለተኛው ባቡር። እጅ ግን ያስፈልገኛል። ያንቺን ሁለቱን አበድሪኝ፣ እትዬ።»

የባቡሩ ጠረጴዛ በማግስቱ ከሱቁ ወደ ቤቴ መጣ። ጠረጴዛ ልበለው እንጂ አሮጌ በር ነው፤ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶ መትቶበት፣ ሐዲዱን እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጎ ዘርግቶበታል። በአንዱ ወገን ከካርቶን የሠራው ዋሻ አለ። ሁለት ተሸካሚዎች ይዘውት ሲገቡ በሬ ጠበባቸው። አንደኛው «ወደ አንተ!» ሲል ሌላው «ወደ አንተ ነው እንጂ!» ሲል፣ ጠርዙ ከመቃኑ ጋር ጓ ብሎ ተጋጨ። ወንድሜ መርፌ ተወግቶ ተኝቶ ስለነበር አልሰማም። ተመስገን አልኩ በሆዴ።

ተሸካሚዎቹ ሲሄዱ አቧራውን ልጠርግ ገባሁ። ጨርቁን በሐዲዱ ላይ ሳስኬደው በመስኮቱ በኩል አንድ ቦታ ላይ ያዘብኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አንደኛው ዘንግ ተቆርጧል። ክፍተቱ ቀጭን ነው፣ ጥፍር አያስገባም። ያ በሩ ላይ የተጋጨው ነው፣ በኔ ቤት፣ በኔ በር ተሰበረበት ብዬ አሰብኩ። ይህን ዕድሜውን በሙሉ የደከመበትን ነገር ገና በመጀመሪያው ቀን!

እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የተተረተረ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀዳዳ አይቼ ማለፍ አልችልም። ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ የተሰበረ መርፌ አወጣሁ። ስባሪውን ክፍተቱ ውስጥ ስሞክረው ልክክ አለ። ጠብ እንዳይል በፒንሳ ጫን አድርጌ አስገባሁት፣ ትርፉን ቆረጥኩት፣ ከላይ በጥፍር ሞረድ ሞርጄ ሞርጄ ከሐዲዱ ጋር አስተካከልኩት። ጣቴን ሳሳልፍበት አይያዝም። ዓይኔን ጨፍኜም ሞከርኩት። ኮራሁ እንኳን።

ሲነቃ «ጠረጴዛው ሲመጣ ምንም አልሆነም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም አልሆነ» አልኩት።

ትምህርቱን በዚያው ሳምንት ጀመርን። እሱ ወንበር ላይ ተደግፎ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ።

«ሐዲዱ ሁለት ዘንግ ነው» አለኝ። «ኤሌክትሪኩ ባንዱ ይመጣል፣ በሌላው ይመለሳል። ባቡሩ መሃል ላይ ሆኖ በእግሩ ይጠጣል። ሁለት ባቡር ብታስቀምጪበትስ?»

«ሁለቱም ይጠጣሉ።»

«ጎበዝ። ሂድ ስትይ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ቁም ስትይ ሁለቱም ይቆማሉ። ለየብቻ ልታናግሪያቸው አትችይም። ችግሩ ደግሞ እኩል አይሮጡም።»

እውነቱን ነው። የድሮው ጥቁሩ ባቡር ቀስ ብሎ፣ እያጉረመረመ ነው የሚሄደው። ሳይታመም የገዛው አዲሱ አረንጓዴው ሲነካ ይበርራል። አዝጋሚውና ችኩሉ አልናቸው። አንድ ላይ ስንለቃቸው ችኩሉ በሦስተኛው ዙር አዝጋሚውን ከኋላ ደርሶ ይገጨዋል፣ የመጨረሻዋ ፉርጎም ትገለበጣለች።

«መላው ቀላል ነው፣ ማንም ጀማሪ የሚሠራው ነው» አለኝ። «በመስኮቱ በኩል ያለውን ቁራጭ ከሌላው ለይቼዋለሁ። እሱ ማረፊያ ነው። የራሱ ሽቦና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል። ችኩሉ ማረፊያው ላይ ሲደርስ ታጠፊበታለሽ፣ ቀጥ ይላል። አዝጋሚው ራቅ እስኪልለት ይጠብቅና ታበሪለታለሽ። በቃ።»

«ለይቼዋለሁ» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። የለየው ከሥር በሽቦ መስሎኝ ነበር። በምን ለየኸው ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም። እሱም አላብራራም፤ የሰማሁት የገባኝ መስሎት ነዋ።

ሽቦውን ለመበየድ ጠረጴዛው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ገባሁ። የቀለጠው እርሳስ እጅጌዬ ላይ ጠብ አለ።

«ስፌት ነው ብለሽ አስቢው!» ይለኛል ከላይ።

«ስፌት አያቃጥልማ!»

ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ነርስ በሩ ላይ ቆማ እግሬን ብቻ አየችና «ማዘር፣ ጋራዥ ከፈቱ እንዴ? የኔንም መኪና ይዩልኝ» አለች። መኪና የላትም። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ሰኞ ዕለት ሁሉም ነገር አለቀ። ሁለቱን ባቡሮች በሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩ። ወንድሜ ወንበሩን ጠጋ አስደረገኝ፤ በቀረችው ቱቦ ችኩሉን ለማየት አንገቱን ያዞራል፣ ያጣዋል፣ መልሶ ያገኘዋል። ለቀቅኳቸው። ችኩሉ እየቀረበ መጣ። አዝጋሚው ማረፊያውን አለፈ። ችኩሉ ገባ።

«አጥፊ!»

አጠፋሁ። ችኩሉ ምን በወጣው! እንደ በረረ ሄደ፣ ዋሻው ፊት ለፊት አዝጋሚውን ገጨው።

«ዘገየሽ» አለኝ።

እንደገና። «አጥፊ!» አጠፋሁ። አልቆመም። ለሦስተኛ ጊዜ ገና ሳይገባ አስቀድሜ አጠፋሁት። ማረፊያውን ሰተት ብሎ አቋርጦት አለፈ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከናካቴው የሌለ ያህል።

ያ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ሽቦውን በሙሉ ነቅለን እንደገና ቀጠልን። ረቡዕ ማብሪያ ማጥፊያውን በሌላ ቀየርን። ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ እኔ እይዛለሁ፣ መርፌው የቱ ጋ እንደቆመ እነግረዋለሁ፣ እሱ ግንባሩን በግራ እጁ ይዞ ያሰላል። «ሊሆን አይችልም» ይላል። «እስቲ ሐዲዱን እዪው፣ በመስኮቱ በኩል። ምንም የለበትም?»

አየሁለት። ጣቴን አሳለፍኩበት።

«ምንም የለበትም። ሐር ነው» አልኩት። ሐር ነው አልኩት፣ በነዚህ ጣቶቼ ዳስሼ!

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለራሱ መቁጠር ጀመረ። «ጥቁር ዜሮ፣ ቡናማ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካናማ ሦስት፣ ቢጫ አራት…» ሬዲዮ ውስጥ ያሉ የትንንሾቹ ዕቃዎች የቀለም ቁጥር ነው፤ ተለማማጅ ሳለ በቃሉ ያጠናው። እስከ ነጭ ዘጠኝ ደረሰ። እንደገና ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አለ ወይስ የለም እያልኩ ነው።» ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ። «ይሄ አለ። ያ ግን የለም። ማረፊያውን እንደለየሁት አስታውሳለሁ፣ እትዬ። በእጄ እንደሠራሁት አስታውሳለሁ። ግን አይሠራም። ስለዚህ አልሠራሁትም። የሠራሁት መስሎኝ ነው።»

«ኧረ ተው!»

«ሐኪሙ ብሏል እኮ።»

ሐሙስ ጠዋት ነርሷን እኔ እየሰማሁ «ለሐኪሙ ሐሳቡ ተዛብቷል በይልኝ» አላት። ነርሷ ቀልድ ልትፈጥር ሞከረች፤ «ከኔ አይብስም፣ እኔ ዛሬ ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለችው። አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ ያወጣቸው ነገሮች አንጀቴን ቆረጡት። እናታችን አረንጓዴ ቀሚስ ነበራት ወይስ እሱ ነው የፈጠረው? አባታችን በእርግጥ ያፏጭ ነበር? ሱቁን የዘጋው በገዛ ፈቃዱ ነው? አንዱን መልሼለት ሌላውን ይጠይቀኛል፤ ስመልስለትም ዓይኔን እያየ፣ አዝኜለት የምዋሸው እንደሆነ ይመረምራል። እኔ ልክ ያልሆነ ነገር ስናገር ማረም ልማዱ ነበር፤ በልጅነታችንም እንደዚያ ነበር፤ በጥፊ በይው በይው ያሰኘኝ ነበር። ሐሙስ ግን «ኤሌክትሪኩን በትልቁ ሽቦ ሰደድኩት» ብዬ ሆን ብዬ ስቼ ብናገር እንኳን አላረመኝም። «አንቺ እንዳልሽ» አለኝ።

ወንድሜ «አንቺ እንዳልሽ» ሲለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ጓዳ ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት «መጋረጃውን ክፈቺው» አለኝ።

መጋረጃው ተከፍቷል። ፀሐዩ አልጋው ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ዝምታዬን ሰማው።

«እህ» አለ። «እሺ።»

እያወራሁ ነበር እኔ፤ ምን እንዳወራሁ አላውቅም። ወንበሩ ላይ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ልብሱን ለወጥኩለት፣ ሸሚዙን አዝራር አሳስቼ ቆለፍኩለት፤ እኔ ልብስ ሰፊዋ! ያ ክፍል ድምፅ ከሌለው ላብድ ነው ብዬ ችኩሉን አንስቼ አዝጋሚውን ብቻውን ለቀቅኩት። ይዙር፣ ምንም ይሁን፣ ብቻ አንድ ነገር ይሰማ።

ዞረ። ወንድሜ አገጩ ደረቱ ላይ ወርዷል። አምስት ዙር፣ ስድስት ዙር። ከዚያ አገጩ ቀና አለ።

«ዋሻው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል» አለ።

«እ?»

«እግሩ ክፍተቷን ሲያልፍ ነው። ስሚ በያት ጆሮሽን… አሁን! ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ይኸው። ስለዚህ አንዷን ቆርጫታለሁ። ተቆርጣለች ማለት ነው፣ አልፈጠርኩትም።» ግራ እጁ ወንበሩን ጨመደደች። «ሁለት ነበር የቆረጥኩት። ማረፊያው የተለየው በነሱ ነው፤ በሴጌቶ መጋዝ፣ አንዷ ዋሻው ውስጥ፣ አንዷ በመስኮቱ በኩል። በመስኮቱ በኩል ግን ፀጥ ነው። ክፍተቷ የት ሄደች፣ እትዬ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ባቡሩ አንድ ዙር ዞረ። እሱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፣ እኔ ካለሁበት ትንሽ አለፍ አድርጎ።

«እኔ ደፈንኳት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሲያስገቡት በሩ ላይ ተጋጨ። የተሰበረ መስሎኝ… በመርፌ ስባሪ ደፈንኳት። በሞረድ አስተካከልኳት።»

«መቼ?»

«በመጣ ዕለት።»

«ምንም አልሆነም አልሽኝ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። «አራት ቀን» አለ በቀጭን ድምፅ። «ሰኞ ዓይን ነበረኝ። ማክሰኞ ዓይን ነበረኝ። ትናንት እንኳን ማታ ላይ የመብራቱን ክብ አይቻለሁ። አንቺ ሴትዮ፣ አራት ቀን ሙሉ ዓይን ነበረኝ!»

«እኔን…»

«እኔን አትበይኝ። ይቅርታ የምትይኝም ከሆነ አትበይኝ። ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ጓዳ ውስጥ ቆምኩ። ውሃ ጣድኩ፣ አወረድኩ፣ መልሼ ጣድኩ። ነርሷ መጥታ ፊቴን አየችና የሞተ መስሏት በሩጫ ገባች። ስታጫውተው ሰማሁ። ስትወጣ «ማዘር፣ ምን አደረጉት? እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። ነገርኳት። ነርሷ አፏን በእጇ ይዛ ቆየች፤ ቀልድ አላመጣችም። እያመነታች «እና… ጭንቅላቱ ደህና ነዋ?» አለች።

እኔ ያንን እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። የራሴ ጥፋት ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር።

ፒንሳዬን ይዤ ተመልሼ ገባሁ። ሳላስፈቅደው ሐዲዱ ላይ ተደፋሁ። ያቺን ስባሪ አንድ ሰዓት ያህል ታገልኳት፤ ሥራዬ ጥብቅ ነው፣ ለካ እንዲህም ይጎዳል። በሌላ መርፌ ጫፍ ቆፍሬ ቆፍሬ ነቀልኳት።

«ወጣች?» አለ። ድምፁ ጠንካራ ነበር።

«ወጣች።»

«ስለዚህ የሠራሁት ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር።»

«ድገሚው።»

«ልክ ነበር። ሽቦውም፣ አቆራረጡም፣ ሁሉም። አንተ ምንም አልሳትክም። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ነርሷን ጥሪያት።» ሳትሄድ ጓዳ እየጠበቀች ነበር፤ ጠራኋት። «ትናንት ለሐኪሙ በይልኝ ያልኩሽን አንሺው» አላት። «የተዛባ ነገር የለም። ዓይኔ ጠፍቷል፣ ሌላው አለ።» ነርሷ «እሺ ጌታዬ» አለችው፤ እንደ ቀልድም አልነበረም አባባሏ።

ከዚያ ማዘዝ ጀመረ። ማብሪያ ማጥፊያውን በግራ እጁ ሥር አደረግኩለት። እኔ የፍጥነቱን ቁልፍ ያዝኩ። «ቀስ ብለሽ፣ በልኩ ለቀቅ አድርጊ። አይደለም፣ ያ በዛ። እንደሱ ይጮኻል እንዴ ደህና ባቡር? ቀንሺ።» እያንዳንዷን ነገር አረመኝ። የጎተትኩትን ወንበር ድምፅ ሳይቀር አረመኝ። እኔም እንባዬ እየወረደ «እሺ፣ እሺ» አልኩት። ሲያርመኝ መስማት ናፍቆኝ ነበር፤ ቁጣውም ሳይበርድ አብሮ ነበር፤ እየሰማሁት ነበር። ከዚያ ወዲያ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ በነዚያም ቀናት ስለ ደፈንኳት ክፍተት አንድም ቀን «ይሁን» አላለኝም። ልበልም ብሎ የሞከረ አይመስለኝም። እውነቱ ይኸው ነው፣ ማሳመር አልችልም።

ሁለቱን ለቀቅኳቸው። ችኩሉ እንደ ልማዱ ደረሰ። የወንድሜ ጣት ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ናት። ዋሻው ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል ጣቱ ተዘጋጀች፤ ችኩሉ ማረፊያው ውስጥ ገባ፤ አጠፋው።

ቆመ።

አረንጓዴው ባቡር ፀሐዩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቁሩ ብቻውን እያጉረመረመ በዚያ በኩል ራቀ። ነርሷ እጇን ልታጨበጭብ ከፍ አድርጋ መልሳ አወረደችው። ወንድሜ ያንዱን ድምፅ እየተከተለ ጭንቅላቱን በቀስታ ያዞራል፣ ጥግ፣ ግድግዳ፣ በሩ። ከዚያ አበራ። ሁለቱም ሄዱ።

እንደዚያ ስናደርግ ቆየን። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜ አሳልፎ አጠፋና ችኩሉ የአዝጋሚውን ጀርባ ለትንሽ ሳተው፤ «ዘገየሁ» አለ ራሱን። ቀጥሎ አልዘገየም።

«አሁን የቱ ነው ከፊት ያለው?» አለኝ አንዴ።

አየሁ። አንዱ መስኮቱ ጋ ነው፣ አንዱ ዋሻው አፍ ላይ፤ ክቡን እኩል ተካፍለውታል። ከዚህ ሳየው ጥቁሩ ይመራል፤ ከዚያ ሳየው አረንጓዴው። ልዋሸው አልፈለግኩም፣ የማውቀውም አልነበረኝም።

«አላውቅም» አልኩት። «አይለይም።»

«እንግዲያው እንዳለ ያዢው» አለኝ። «እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

ቁልፉን በሁለት እጄ ያዝኩለት።